ባለ ስድስት ቁራጩ ቆብ

ፓሪስ፣ ሜይ 6 ቀን 1956

ለተከበሩ አክስቴ ባርባ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ጣቶችዎስ ትንሽ ተፍታቱልዎ? ቅድስት ሐና ከነቤትዎ፣ ከነዶሮዎችዎ ትጠብቅዎ። እኔ ደህና ነኝ። ከባሕሩ ድምፅ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

የምሠራው አንድ የጥርስ ሐኪም ቤተሰብ ዘንድ ነው። ሁለት ሴት ልጆች እጠብቃለሁ፤ ትልቋ ኦዲል ሰባት ዓመቷ ነው። ክፉ ልጅ አይደለችም፣ ግን በባላገር አነጋገሬ ትስቃለች። «ካቴል ስታወራ አፏ ውስጥ ሰርዲን ያለ ይመስላል» አለች ለእናቷ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አላወራም። እርስዎም እንደሚያውቁት ቀድሞም ብዙ አላወራም ነበር።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሐሙስ ትምህርት ስለሌለ እመቤቴ ሁላችንንም ወደ አንድ ሙዚየም ወሰደችን። ከሞተ ብዙ ዓመት የሆነው የአንድ ጎረቤት አገር ሠዓሊ ሥዕሎች ከአገሩ መጥተው ተሰቅለዋል። እኔ የልጆቹን እጅ ይዤ ወለሉን እያየሁ እሄድ ነበር። ሦስተኛው ክፍል ስንገባ ኦዲል ቆም አለችና «ካቴል፣ ይቺ ልጅ አንቺን ትመስላለች» አለችኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። አንዲት ትንሽ ልጅ ናት። ረጅም ጥቁር ቀሚስ፣ ሰማያዊ ሽርጥ፣ ራሷ ላይ ቆብ፣ በእጇ የተገመጠ ቂጣ። ከሥሩ ባለው ወረቀት ላይ ምን እንደተጻፈ ያውቃሉ? «የፖርዝ ላን ትንሿ ልጅ፣ 1902። ሄንድሪክ ላሜርስ።» የመንደራችን ስም በፓሪስ ግድግዳ ላይ! ሲያወሩልኝ የኖሩት ባለ ጃንጥላው ሠዓሊ ይህ ነው ማለት ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሰማሁት ሥዕል፣ የእርስዎ ሥዕል፣ እፊቴ ተሰቅሏል።

ዘበኛ ስለነበረ አልተጠጋሁም፤ ከበሩ ሆኜ ነው ያየሁት። ልጅቷ አትስቅም፣ አታለቅስም። ዓይኖቿ «ጨርስና ልሂድ» የሚሉ ናቸው። ሠዓሊው እንድትስቅ አላስገደዳትም፤ ይህን ወደድኩለት። ጉንጯ የተቀባ አይመስልም፤ ከነፋስ ገና የገባች ልጅ ጉንጭ ነው፤ ብነካው የሚቀዘቅዘኝ መሰለኝ። ከኋላዋ ያለውን ባሕር በሦስት መስመር ነው የጨረሰው፣ ግን ውሃው ከዳርቻው ወደ ኋላ የሚሸሽበት ሰዓት መሆኑን አወቅሁ። ከታች በግራ በኩል፣ ከቀሚሷ አጠገብ፣ ድንች የሚመስል ነገር አለ። ከሩቅ አልለየሁትም።

ለእመቤቴ «ይህቺ አክስቴ ናት» ለማለት አፌን ከፈትኩ። ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ፤ ተመልሼ እሄዳለሁ።

እጅዎን እስማለሁ፤
ካቴል


ፖርዝ ላን፣ ሜይ 13 ቀን 1956

ለልጄ ለካቴል፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እዚያ ያለው ቅቤ ጨው የለውም ይሉኛል፣ እንዴት ቻልሽው? ጉልበቴ እንደ ድሮው ነው፣ ጣቶቼ ደግሞ በሰርዲን ፋብሪካው ጨው ውሃ እንደ ሸርጣን እግር ታጥፈው ቀርተዋል። ስለዚህ እኔ እናገራለሁ፣ ፖስተኛው ፔር ይጽፋል። ያንቺንም ያነበበልኝ እሱ ነው።

(እኔ ፔር ነኝ። በነፃ ነው የምጽፈው፤ አንድ ኩባያ የፖም ጠጅ ብቻ ቀርቦልኛል፣ እሱም ግማሽ ነው።)

ምን ጨመርክበት አንተ? እኔ ያላልኩትን እንዳትጽፍ።

ልጄ፣ ፔር ደብዳቤሽን አንብቦልኝ ከቤቴ ገና እንደወጣ ወደቡ ሁሉ ሰምቶታል፤ የዚህ ሰውዬ ምላስ ከብስክሌቱ ይፈጥናል። መረብ የሚጠግኑት ሴቶች ሁሉ «ባርባ ሥዕሏ፣ ፓሪስ ገባሽ አሉ» እያሉኝ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚሁ ስም ጠርተውኝ አንድም ቀን አላመኑኝም ነበር። ቱሜት ብቻ፣ ታውቂያታለሽ፣ ወተት ሲረጋ እንኳ የምትቀና ናት፣ «በዚያ ዘመን ቀሚስ ያልለበሰ ልጅ ማን ነበር? ማንም ሊሆን ይችላል» አለች። እኔም «አንቺን ግን ሊሆን አይችልም፣ ሠዓሊው ዓይን ነበረው» አልኳት።

(ይህ እውነት ነው፣ እኔም ነበርኩ። ቱሜት እስከ አሁን አልተናገረችም።)

አሁን የምጠይቅሽ ይህ ነው። ዋናውን ሥዕል ከተሠራ ወዲህ አላየሁትም፤ ያየሁት በጋዜጣ ላይ የወጣ፣ ጥፍር የምታክል ግራጫ ነገር ብቻ ነው። ባለ ጃንጥላው ቀለሙ ሳይደርቅ በሣጥን ከትቶ ሄደ። ተጠጊና እዪልኝ። የሽርጡን ቀለም፣ የጫማውን፣ የፊቱን፣ ሁሉንም ጻፊልኝ። ለመንደሩ በዓል፣ ጁላይ 15፣ ከቅዳሴ በኋላ ፔር በአደባባይ ያነበዋል። ቱሜትን ከፊት አስቀምጣታለሁ።

ዘበኛውን አትፍሪው። እሱም የእናት ልጅ ነው።

የባሕር ኮከብ እመቤታችን መንገድሽን ታብራልሽ።

ባርባ፣ በፔር እጅ


ፓሪስ፣ ሜይ 27 ቀን 1956

ለተከበሩ አክስቴ ባርባ፣

ሰላምታዬ ከአክብሮት ጋር ይድረስዎ። ደብዳቤዎን በኪሴ ይዤ ሁለት እሑድ ሄጃለሁ። ባለፈው ከበሩ ተመለስኩ። ዛሬ ግን ክፍሉ ውስጥ ሰው አልነበረም፤ ዘበኛውም በወንበሩ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ነበርና ተጠጋሁ።

በአደባባይ የሚነበበው ይህ ነው።

ሥዕሉ ቁመቱ የበራችን ግማሽ ያህላል። የሽርጡ ሰማያዊ አንድ ሰማያዊ አይደለም፤ ታጥቦ ታጥቦ የነጣበት ቦታ አለ፣ እናት በጣቷ ያሸችበት። የጫማው እንጨት በቀኙ በኩል ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁንም አልተወውም። ቂጣው ላይ የጥርስ ምልክት ይታያል፣ አንዱ የፊት ጥርስ የሌለበት አፍ የገመጠው። ሰው እንዲህ ያለውን ትንሽ ነገር ለማየት ምን ያህል ዝም ብሎ መቀመጥ እንዳለበት አሰብኩ። እኔ ዝም እላለሁ፣ ግን የእኔ ዝምታ ከሰው ለመደበቅ ነው። የእሱ ዝምታ ሰውን ለማየት ነበር። ፊቱን ለመግለጽ አልችልም። ያን ፊት ለረጅም ጊዜ ስታየው፣ እሱም አንተን ሲያይ የቆየ ይመስልሃል፤ ከዚያም የምታፍርበት ነገር ይጠፋል።

የሚነበበው እዚህ ላይ ያበቃል።

አክስቴ፣ ቆቡም ጥርት ብሎ ይታያል። ለጎረቤት ልጆች ቆብ ሲሰፉ አጠገብዎ ተቀምጬ ቁራጮቹን አቀብልዎ ነበር፤ «ሦስት ለሴት፣ ስድስት ለወንድ፣ ከተሳሳትሽ ልጁን ድፍን መንደር ይስቅበታል» ይሉኝ ነበር፤ አልረሳሁትም። እዚህ ያሉ ሰዎች ይህን አያውቁም። በሥዕሉ ላይ ያለውን ቆብ ቁራጭ ቆጠርኩት። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት።

ስለ ቀረው በአካል ስንገናኝ እናወራለን።

ካቴል


ፓሪስ፣ ጁን 10 ቀን 1956

ለተከበሩ አክስቴ ባርባ፣

እንደምን አሉ? መልስ ስላልመጣ ልቤ አልተረጋጋም። አሞዎት እንደሆነ ፔር በሁለት መስመር ይጻፍልኝ። ያስቀየመ ቃል ጽፌ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ፤ በአፌ ብዙ ስለማልናገር በእጄ ሳልጠነቀቅ የማልፈው ነገር አለ።

ሥዕሎቹ ጁላይ 1 ቀን ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ የሚታዩ አይመስለኝም።

ካቴል


ፖርዝ ላን፣ ጁን 16

ካቴል

ይህን ራሴ ነኝ የምጽፈው። ፔር አያውቅም። አራት ቀን ፈጀብኝ፤ ፊደሌ ከተጣመመ ጣቴን ውቀሺ።

አላስቀየምሽኝም። በመጀመሪያው ደብዳቤሽ «ልጅቷ፣ ልጅቷ» ትዪ ነበር። በሁለተኛው ሽርጡ፣ ጫማው፣ ፊቱ ብቻ ሆነ። ፔር ሲያነብ ልጅቷን ጠበቅኳት፣ አልመጣችም። ቆጥረሻል ማለት ነው። ስድስት ነው። እኔም አውቃለሁ።

በሥዕሉ ላይ ያለው ወንድሜ ነው። ማዴክ ይባላል። ከብዙ ዓመት ወዲህ አያትሽም እኔም ስሙን በማንም ፊት አንስተን አናውቅም፤ አንቺም አልሰማሽውም።

ሥዕሉ በተሠራበት ክረምት እሱ አምስት፣ እኔ አራት ዓመታችን ነበር። ሱሪ የሚለብስበት ጊዜ ገና ስለነበር ሁለታችንም ቀሚስ እንለብስ ነበር። ባለ ጃንጥላው መጀመሪያ የፈለገው እኔን ነው። ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ማዴክ ግን ቁም ሲሉት ይቆማል። ሠዓሊው በየቀኑ አንድ አንድ ቁራጭ ስኳር እየሰጠ ያባርረኛል፤ ስኳሩን እበላና እመለሳለሁ። ሴት ነው ወንድ ብሎ አልጠየቀም። እኛም ለጨዋ ሰው ሳይጠየቁ መናገር አላወቅንበትም።

ማዴክ በአሥራ አምስት ዓመቱ ከአጎታችን ጀልባ ጋር ወጣ። ጀልባው አልተመለሰም። ሬሳውም አልተመለሰም። በመቃብር ስፍራው ግድግዳ ላይ በባሕር የጠፉት ሰዎች ስም ሲጻፍ እናቴ «የእኔን ልጅ አትጻፉ፣ ከተጻፈ ሞተ ማለት ነው» አለች። በቤታችንም ስሙን የሚጠራ ሰው ካለ ተነስታ ትወጣ ነበር። ፎቶግራፍ አልነበረውም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ያ ጋዜጣ መጣ። «የፖርዝ ላን ትንሿ ልጅ» ይላል። ጎረቤቶች ለእናቴ አሳይተው «ማናት ይቺ?» አሏት። እናቴ ብዙ አየችው። ከዚያ «ባርባ ናት» አለች።

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ።

ቆርጣ አልጋዋ አጠገብ ሰቀለችው። ገባሽ? ማዴክ ነው ብትል ልታየው አትችልም። ባርባ ናት ካለች ግን በየቀኑ ታየዋለች። እስክትሞት አየችው። እኔም እስክትሞት ባርባ ሥዕሏ ሆኜ ቆየሁ፤ ከሞተች በኋላ ግን ለምን እንደቀጠልኩ አላውቅም። ደስ ይለኝ ነበር መሰለኝ። ያን ወረቀት በእጇ አስይዘን ቀበርነው።

አሁን ግን አንድ ሰው ቆጥሯል። ስሙ በድንጋይ ላይ የለም፣ በወረቀት ላይ የለም። ከእኔ ጋር ሊያልቅ ነው። ሂጂና ለሙዚየሙ ሰዎች ወንድ ነው በያቸው። ስሙን ይጻፉት። ቄሱ ቤታችን ሲመጣ ከበር ጀርባ የምትደበቂ ልጅ እንደሆንሽ አውቃለሁ። የምልከው ሌላ ሰው ግን የለኝም።

ቱሜት ትሳቅ።

ባርባ


ፓሪስ፣ ጁን 24 ቀን 1956

ለምወድዎት አክስቴ ባርባ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ይህን በትልልቁ የጻፍኩት ከፈለጉ በመስኮቱ አጠገብ ራስዎ እንዲያነቡት ነው። ለፔር ቢሰጡትም እኔ ቅር አይለኝም።

ደብዳቤዎ ረቡዕ ደረሰኝ። ሥዕሎቹ ሊሄዱ አንድ እሑድ ብቻ ቀርቶ ነበር። መናገር እንደማልችል አወቅሁ። በልቤ ብዙ ጊዜ ተለማመድኩት፤ በልቤም እንኳ ድምፄ ይጠፋል። ስለዚህ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ፣ እመቤቴን የአሮጌ ጨርቅ ቁራጭ ለምኜ፣ ሁለት ትንንሽ ቆቦች ሰፋሁ፤ አንዱ ባለ ሦስት፣ አንዱ ባለ ስድስት። ኦዲል ከትምህርት ቤት ስትመለስ አየችኝና «ለማን ነው?» አለችኝ። «አፍ እንዲሆኑኝ ነው» አልኳት። አልገባትም፣ ግን አልሳቀችም።

ዛሬ ወሰድኳቸው። ዘበኛው ገና ሲያየኝ ብድግ አለ።

«አንቺ ልጅ» አለኝ፣ «ይኸው ዛሬም መጣሽ። ወይ ሥዕሉን ወደሽዋል፣ ወይ ልትሰርቂው ነው።»

«ለመስረቅ ድፍረት የለኝም» አልኩት።

ሳቀ። «እንግዲያ ምን ፈለግሽ?»

«ወረቀቱ ተሳስቷል።»

«የትኛው ወረቀት?»

«ትንሿ ልጅ የሚለው። ልጅቷ ወንድ ነው።»

እሱም ከገጠር የመጣ ሰው ነው፤ እጁ የፓሪስ እጅ አይደለም። «እዚህ ሃያ ዓመት ተቀመጥኩ» አለ፣ «ሰው መጸዳጃ ቤቱን እንጂ ሌላ ጠይቆኝ አያውቅም። ቆይ» ብሎ ሄደ።

ይዟት የመጣት ሴት የሥዕሎቹ ኃላፊ ናት። ነጭ ፀጉር አላት፤ መነጽሯ በገመድ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። «እሺ የኔ ልጅ፣ ንገሪኝ» አለችኝ። ያኔ የፈራሁት ሆነ፤ አንድም ቃል አልወጣ አለኝ። ሁለቱን ቆቦች ከኪሴ አውጥቼ በእጇ ላይ አስቀመጥኳቸው። ባለ ሦስቱን ነካሁና «ሴት» አልኩ። ባለ ስድስቱን ነካሁና «ወንድ» አልኩ። ከዚያ ወደ ሥዕሉ ጠቆምኩ።

መነጽሯን አደረገች። ተጠግታ በጣቷ አየር ላይ እየቆጠረች፣ አንድ፣ ሁለት፣ እስከ ስድስት ሄደች። እንደገና ቆጠረች። ከዚያም በጣም በዝግታ «ሃምሳ አራት ዓመት» አለች። «በሦስት መጽሐፍ ላይ ትንሿ ልጅ ብለን ጽፈናል።»

ዘበኛው «እኔ ሁልጊዜም ጉልበተኛ ትመስላለች እል ነበር» አለ።

«አንተ ደግሞ ምንም ብለህ አታውቅም» አለችው።

ከዚያ በኋላ አፌ ተፈታ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ማዴክ፣ ስለ ጀልባው፣ ስለ ግድግዳው፣ እናትዎ ስላዩት ጋዜጣ። ሰርዲን ባለበት አፌ ተናገርኩ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። እርሳስ አውጥታ በወረቀቱ ላይ «ትንሿ ልጅ» የሚለውን በቀጭኑ ሰረዘችና «ማዴክ፣ የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ፣ ፖርዝ ላን» ብላ ጻፈች። «በሥዕሉ ጀርባም ይጻፋል፣ ለሠዓሊውም አገር ሰዎች ደብዳቤ እልካለሁ» አለችኝ። ስሙን ፊደል በፊደል አስጠራችኝ። አክስቴ፣ ስሙን ጮክ ብዬ ነው የጠራሁት።

ልሄድ ስል ግን «አንድ ነገር ቀረ» አለች። «ይህ ለብዙ ዓመት ጥያቄ ሆኖብን ነበር። እንግዲህ ይህቺ እጅ የማን ናት?»

«የትኛዋ እጅ?»

ከታች በግራ በኩል አሳየችኝ። ድንች ያልኳት ነገር። አክስቴ፣ ድንች አይደለችም። እጅ ናት። ከሥዕሉ ዳር የገባች፣ በጣም ትንሽ፣ የማዴክን ቀሚስ ጨምድዳ የያዘች እጅ። አራት ጣት ይታያል። ባለቤቷ ከክፈፉ ውጭ ናት። ሠዓሊው ቢፈልግ በአንድ የጨርቅ እጥፋት ሊሸፍናት ይችል ነበር፤ አልሸፈናትም። ከፊቱ ቀጥሎ ብዙ የደከመባት እሷን ነው። በአውራ ጣቷ ላይ አንድ ነጭ ነጥብ አለች። ኃላፊዋ ቀለም የተፈናጠረ መስሏት ነበር። እኔ ግን ምን እንደሆነች አውቄያለሁ። ስኳር ነው።

«ባርባ ናት» አልኳት። «አራት ዓመቷ። እህቱ።»

እሷንም ጻፈቻት።

ስለዚህ አክስቴ፣ ለሠላሳ ዓመት የዋሹ መስሎዎት ከሆነ፣ አልዋሹም። ሥዕሉ ውስጥ አሉ። የጋዜጣው ሰዎች ዳሩን ስለቆረጡት ነው ያላዩት።

ማዴክ ዝም ብሎ የቆመበትንም ምክንያት አሁን ያወቅሁት መሰለኝ። ይዘውት ስለነበር ነው።

የእርስዎው፣
ካቴል


ፖርዝ ላን፣ ጁላይ 16 ቀን 1956

ለልጄ ለካቴል፣

ሰላምና ጤና ካንቺ አይለይ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ፔር ተመልሶ መጥቷል፤ ያለ እሱ ስለጻፍኩልሽ አኩርፎ ነበር፣ አንድ ሙሉ ኩባያ ቀዳሁለትና ታረቀ።

(ሁለት ነው።)

ትናንት በዓሉ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ፔር ድንጋዩ ላይ ቆሞ አነበበው። ለአደባባይ ብለሽ የጻፍሽውን ብቻ አይደለም፤ የመጨረሻውን ደብዳቤ ሁሉንም አንብብ አልኩት። ማዴክ የሚለው ላይ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለካ ስሙን ማንም አልረሳውም ነበር፤ እነሱም ለእኛ ሲሉ ዝም ብለው ነው። ቱሜት ከፊት ተቀምጣ ነበር። ሲያልቅ መጥታ አጠገቤ ቆመችና «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፊት ነኝ ስትዪን ከረምሽ፣ ለካ እጅ ነሽ» አለችኝ። ከዚያ ያቺኑ እጄን ያዘችና እስከ ቤቴ አልለቀቀችም። ዛሬ በወደቡ ስሜ ተቀይሯል፤ ባርባ እጇ ሆኛለሁ።

ቄሱ በግድግዳው ላይ ስሙን ለማስቀረፅ ተስማምተዋል። እናቴ እንደማትቆጣ ተስፋ አለኝ። አሁን በሌላም ቦታ ስለተጻፈ፣ እዚያ ደግሞ አምስት ዓመቱ ስለሆነ፣ መጻፍ ብቻውን ሞት እንዳልሆነ ይገባታል።

ያን ቀን አስታወስኩ። ባለ ጃንጥላው «ልቀቂው፣ ሥዕሌን አበላሸሽው» ይለኝ ነበር። አሥር ጊዜ ተናገረኝ። በመጨረሻ ዝም አለ። እኔ የተሸነፈ መስሎኝ ነበር። ለካ እየሠራኝ ነው።

በገና ስትመጪ ሁለቱን ቆቦች ይዘሽ ነዪ። አንደኛውን እኔ እፈልገዋለሁ፤ የትኛውን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ፔር፣ እዚህ ላይ በቃህ፣ ብዕሩን ስጠኝ።

ይህን ስም የጻፈችው ያቺው እጅ ናት።

ባርባ